ለ47 ዓመት ከአንዲት ሞተር ጋር፦ የበርት መንሮ ታሪክ

ዛሬ ከፖለቲካውም ከኑሮ ውድነቱም ትንሽ ወጣ ብለን የአንድ ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ሰውየው የእኛ አገር ሰው አይደለም። ቆላ ድባን በስምም አያውቃትም። እኛም ብንሆን እሱን ያወቅነው ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ታሪኩን ስናነብ ግን ዓይናችን ላይ ድቅን ያሉት እዚሁ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብለው፣ እጃቸው እስከ ክርን በዘይት ጠቁሮ ሞተር የሚፈቱት የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከጥያቄ ነው። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደምቢያ ውስጥ ሞተር ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሰው ይጫንበታል፣ ጤፍና ሽምብራ ይጫንበታል፣ አንዳንዴ በግም ይጫንበታል። ታዲያ አንዳንድ ወጣቶች ማርሚታውን አውልቀው፣ ስፖኪዮውን ነቅለው፣ የኋላ መብራቱን ፈተው ሲያበቁ የውድድር ሞተር ሠራን ብለው አስፋልቱ ላይ ይለቁታል። ከእነሱ ጋር ስንጨዋወት ያቀረቡልን ጥያቄ ይሄ ነበር፦ የመንገድ ሞተርን እቤት ውስጥ፣ ያለ ፋብሪካ፣ የእውነት የውድድር ሞተር ማድረግ ይቻላል ወይ?

ይቻላል። አንድ ሰውዬ አድርጎታል። ግን በስንት ዓመት፣ የት ቦታ፣ ምን ከፍሎ? መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ። (ከአንዷ በስተቀር ዓመታቱን በሙሉ የምናስቀምጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ኸርበርት ጀምስ መንሮ፣ በኋላ ዓለም በርት መንሮ ብሎ ያወቀው ሰው፣ የተወለደው ማርች 25 ቀን 1899 ነው። እኛ አድዋ ላይ ድል ካደረግን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ማለት ነው። አገሩ ኒውዚላንድ ነው። ያደገው በዚያች አገር ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኢንቨርካርጊል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ኤደንዴል በምትባል የገጠር መንደር ውስጥ ነው። መንታ ነበር፤ መንታ እህቱ ግን በወሊድ ጊዜ ሞተች። ሐኪሞቹ ለወላጆቹ እሱም ሁለት ዓመት መድረሱ እንደሚያጠራጥር ነገሯቸው። ሁለት ዓመት አይሞላውም የተባለው ልጅ 78 ዓመት ኖረ።

ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። በርትም ያደገው በእርሻ ላይ ነው። ፍጥነት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የቀመሰው በፈረስ ሲሆን፣ አባቱ እየተቆጡትም ቢሆን ከቤቱ ፈረሶች ፈጣኑን መርጦ ሜዳ ለሜዳ ያስጋልበው ነበር። የጎንደር ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም መቼም።

ከፈረስ ወደ ሞተር ተሻገረ። በ1919 ክላይኖ የተባለች፣ ጎኗ ላይ ጋሪ የተገጠመላት ሞተር ገዛ። ያደረገውን ገምቱ እስኪ! ጋሪውን ፈትቶ ጣለና ሊወዳደርባት ወጣ። ለመሸከም የተሠራችን ነገር ለመብረር ማዘጋጀት ከዚያች ቀን ጀምሮ አመሉ ሆነ።

በ1920 የዕድሜ ልክ ጓደኛውን አገኘ። ኢንዲያን ስካውት ትባላለች። ስሟ ኢንዲያን ይሁን እንጂ የተሠራችው ሕንድ አገር አይደለም፤ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከሚባል ከተማ ነው የመጣችው። ከዚያ ፋብሪካ ከወጡት ስካውቶች 627ኛዋ ናት። በቪ ቅርጽ የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ያሏት፣ 600 ሲሲ የሆነች፣ ተራ የመንገድ ሞተር ነበረች። ጉልበቷ አልቆ እስኪሟጠጥ ቢነዷት በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትሄደው። ዛሬ ቆላ ድባ ላይ ሰው የምታመላልሰው ሞተር ብትወዳደራት አታፍርም።

መንሮ ለስድስት ዓመት እንዳለች ነዳት። በ1926 ግን መፍቻውን አነሳ። ከዚያ በኋላ መፍቻውን ያስቀመጠበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ቀን ሞተር ሻጭ ሆኖ ይሠራል፤ ማታ የራሱን ሞተር ይፈታል። ገንዘብ ስለሌለው ዕቃ ከውጭ አያስመጣም። ፒስተን ሲያስፈልገው አሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ብረት አቅልጦ ያፈሳል። የሲሊንደር በርሜሉን ራሱ ይሠራል። ቫልቭ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ካም ራሱ ይቀርጻል። ቢዬላውን፣ ማለትም ፒስተኑን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ፣ ከምን እንደሠራው ታውቃላችሁ? ከካተርፒላር ትራክተር አክስል! ያንን የሚያህል ብረት ቀርጾና ሞርዶ፣ በእሳት አጠንክሮ፣ ሞተር ውስጥ የሚገባ ቢዬላ አወጣው። የሚለካበት መሣሪያ ደግሞ አሮጌ የጎማ ራጂ ነበረች። ያቺ ቀጭን ሽቦ ሚሊ ሜትርን ለሚሰነጥቅ ሥራ መለኪያ ሆነችው። ጉድ እኮ ነው!

በቃ፣ አንዴ ሠራና በረረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ይሠራል፣ ይገጥማል፣ ይነዳል፣ ይፈነዳል። እንደገና ይሠራል። የቀለጠውን ፒስተን፣ የተሰበረውን ቢዬላ፣ የተበላውን ካም ግን አይጥልም። ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ ነበረው፤ የተበላሸውን ሁሉ እዚያ ላይ ያሰልፍና ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት እንደሆነ ጽፎበት ነበር። ሌላው ሰው ውድቀቱን ይደብቃል፤ እሱ ግን በየቀኑ የሚያየው ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጠው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበልና አንድ ነገር እናስላ። ሞተር ሲፈጥን ትልቁ ጠላቱ ነፋስ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ነፋሱ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ግፊት አሸንፎ ለመሄድ ሞተሩ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው። እንግዲህ በ89 የምትሄድን ሞተር 178 ለማድረስ ስምንት ሞተር የሚያህል ጉልበት ከአንዷ ማውጣት አለባችሁ ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ ነፋሱን የሚሸውድ ቅርጽ መሥራት። መንሮ ሁለቱንም አደረገ። ሞተሯን ከ600 ሲሲ እያሰፋ እያሰፋ በመጨረሻ 950 ሲሲ አደረሳት። ከላይ ደግሞ ሰውየውንም ሞተሯንም አብሮ የሚሸፍን፣ ዓሣ የመሰለ ሽፋን ሠራላት። ሰውየው ሆዱ ላይ ተኝቶ ነው የሚነዳት።

ማርሚታ ማውለቅ ለብቻው ምን ይጠቅማል ላላችሁን ልጆች መልሱ ከዚህ ይወጣል። ድምፅ ይጨምራል። ጉልበት ግን ነዳጁና አየሩ አብረው ካልተስተካከሉ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል።

ዛሬ በሌላው ዓለም የመንገድ ሞተራቸውን እቤታቸው ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? እነሱም መብራትና ስፖኪዮ ይፈታሉ። ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፤ ሲወድቁ መስታወት ተሰባብሮ ሌላውን ተወዳዳሪ እንዳይጎዳ ነው። የዘይት መዝጊያውን ብሎን በሽቦ አስረው ይቆልፉታል፣ ምክንያቱም ከንዝረት ላልቶ ዘይት መንገዱ ላይ ቢፈስ ከኋላ የሚመጣው ይሞታል። ራዲያተር ያለው ከሆነም የሚያንሸራትተውን ፈሳሽ አፍስሰው ንጹሕ ውኃ ይሞላሉ። ጉልበት ከመጨመራቸው በፊት ፍሬንና ጎማ ይቀይራሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ያቺ ሞተር ወደ መንገድ አትመለስም። በመኪና ተጭና ወደ ውድድር ሜዳ ትሄዳለች፣ በመኪና ተጭና ትመለሳለች። የውድድር ሞተር ማለት ይሄ ነው።

ወደ መንሮ እንመለስ። እሱም ፍጥነቱን የሚሞክርበት ቦታ ነበረው። ኢንቨርካርጊል አጠገብ ኦሬቲ የሚባል ረጅም የባሕር ዳርቻ አለ። ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋው ጠንክሮ እንደ አስፋልት ይተኛል። ሰዓት ያዥ አለ፣ የሞተር ማኅበር አለ፣ ደንብ አለ። በ1938 የመጀመሪያውን የኒውዚላንድ የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ጨመረበት። በ1957 አሸዋ ላይ በሰዓት 211 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሞተሯ ያኔ 37 ዓመቷ ነው፤ እሱ 58 ገደማ።

ይሄ ሁሉ ታዲያ በነፃ አልመጣም። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ የሚዘለለው ክፍል ይሄ ነው። መንሮ ሚስት አግብቶ አራት ልጆች ወልዶ ነበር፤ ትዳሩ ግን ፈረሰ። በኋላም ሥራውን ትቶ ኑሮውን ጋራዡ ውስጥ አደረገ። አልጋውም መሣሪያውም ሞተሮቹም አንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። ከኢንዲያኗ ሌላ ቬሎሴት የምትባል ሞተርም ነበረችው፤ ሌሊቱን ለሁለቱ ያካፍላል። ብዙ ጊዜ ወድቆ ተጎድቷል። ዕድሜው ሲገፋ ልቡ መታመም ጀመረ። ስለዚህ ታሪኩን ለልጆቻችን ስንነግር፣ ጀግንነቱን ብቻ ነግረን ሒሳቡን ብንደብቅ አደጋ ነው።

ሆኖም ሕልሙ አልሞተም። አሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ ቦንቪል የሚባል የጨው ሜዳ አለ። ድሮ ሐይቅ የነበረ፣ ደርቆ ጨው ብቻ የቀረ፣ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ነጭ ሆኖ የተዘረጋ ሜዳ ነው። አፋር ውስጥ አሞሌ የሚቆረጥበትን የአሳሌን ጨው በፎቶም ቢሆን ያየ ሰው ሊገምተው ይችላል። ያኔ የዓለም ፈጣን መኪናና ሞተር የሚለካው እዚያ ነበር። መንሮ በ1957 ሄዶ ዓይቶት ተመለሰ። ያየውን ግን ሊረሳው አልቻለም።

በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ ልቡ እየታመመ፣ ያቺን አሮጌ ኢንዲያን በመርከብ ጭኖ ውቅያኖስ አቋረጠ። እዚያ የሚጠብቁት ትልልቅ ባለሀብቶችና ባለ ሙያ ቡድኖች ናቸው። እሱ የያዘው ጣሳ ውስጥ የቀለጠ ፒስተን ነው። የቦንቪል ደንብ ቀላል አይደለም፤ አንዴ ፈጥነህ መሄድ አይበቃም። ነፋስ ከኋላ ገፍቶህ ሊሆን ስለሚችል መልሰህ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ አለብህ፣ የሚመዘገበውም የደርሶ መልሱ አማካይ ነው። ሽማግሌው ሄደ፤ ተመለሰ። በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር! በዚያ ዓመት በ883 ሲሲ ምድብ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆነ።

ይበቃዋል ያለ ሁሉ ተሳሳተ። ከዚያ በኋላም እየደጋገመ ተመላለሰ። በ1966 ከ1000 ሲሲ በታች በሆነው ምድብ 270 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት በ1967 ደግሞ፣ እሱ 68 ዓመት ሆኖት ሞተሯ 47 ዓመት ሞልቷት፣ ማጣሪያውን ለማለፍ ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ጉዞ 305 ኪሎ ሜትር አለፈ። የደርሶ መልሱ አማካይ በሰዓት 295.45 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ። ከፋብሪካ ስትወጣ 89 ትሄድ የነበረች ሞተር ናት፣ አትርሱ።

መንሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 1978 ዓረፈ። ከመሞቱ በፊት ሞተሮቹን ኢንቨርካርጊል ውስጥ ለሚገኝ የዕቃ መሸጫ ባለቤት ሸጣቸው። ይሄው እስከ ዛሬ ብሎን ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ መሀል ላይ ያያቸዋል። በ2005 ታሪኩ ፊልም ሆነ። እሱን ሆኖ የተወነው አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። ዳይሬክተሩ ሮጀር ዶናልድሰን፣ መንሮ በሕይወት እያለ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶለት ነበር። ከ2006 ጀምሮም ኢንቨርካርጊል ላይ በስሙ በየዓመቱ የሞተር ውድድር ይካሄዳል።

አንዲት ነገር ቀርታለች፤ እኛን በጣም የነካችን እሷ ናት። በ2014፣ ማለትም ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ ልጁ ጆን የ1967ቱን ውጤት ሲመለከት የደርሶ መልሱ አማካይ ሲሰላ ስህተት መሠራቱን አስተዋለ። የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ማኅበር ሒሳቡን መልሶ መረመረና ልጁ ልክ ሆኖ ተገኘ። ክብረ ወሰኑ ወደ 296.26 ኪሎ ሜትር ከፍ ተደረገ። አባትየው በሕይወቱ የማያውቀውን ፍጥነት ልጁ መለሰለት። ለዚያች ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳን ለማትሞላ ልዩነት ሰው 36 ዓመት ቆይቶ ይከራከራል? አዎ፣ ይከራከራል። ምክንያቱም ለዚያች ጥቂት ልዩነት ስንት ፒስተን እንደቀለጠ ልጁ ያውቃላ!

እንግዲህ ወደ ቀያችን እንመለስ።

እኛ አገር ብረት የሚያቀልጥ ሰው ምን ሲባል እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ከዚያም አልፎ ቡዳ። ማረሻችንን የሠራልንን፣ ማጭዳችንን የሳለልንን ሰው ከማዕዳችን አርቀን ነው የኖርነው። ዓፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ አፋችን ቢያርፍም ልባችን አርፏል ወይ? ልጃችን ቶርኖ ቤት ልግባ ሲለን ፊታችን ይጠቁራል። ዘይት የነካው እጅ ሲዘረጋልን ክንዱን ነው የምንጨብጠው። በርት መንሮ እኮ ዲግሪ አልነበረውም፤ የነበረው ጋራዥ፣ ሞረድ፣ ጣሳና ትዕግሥት ነው። አገሩ ግን አላፈረበትም።

ከእኛዎቹ ልጆች ጋር ያለው ልዩነት የእጅ አይመስለንም። እዚህ ቆላ ድባ ያለ መካኒክ መለዋወጫ ጠፋ ሲባል ከሌላ ሞተር አውልቆ፣ ሞርዶ፣ በላሜራ ደግፎ ሲያስነሳ በዓይናችን ዓይተናል። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መንሮ የተበላሸበትን አይረሳም ነበር፤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ይማርበታል። እኛ ግን የተሰበረውን ጥለን በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መልሰን እንሰብራለን። ሁለተኛው ይብሳል። መንሮ ክብረ ወሰኑን ያሳደደው አሸዋና ጨው ላይ፣ ሰዓት ያዥ ባለበት ቦታ ነው። ሲወድቅ የወደቀው እሱ ነው። የእኛ አስፋልት ላይ ግን ገበያተኛ አለ፣ አህያ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ። ያቺ ፍሬኗ ያልተነካ፣ መብራቷ የተነቀለ ሞተር ስትመጣ ዋጋውን የሚከፍለው ነጂው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሞቻችን፣ ሞተራችሁን ፍቱ! አንከለክላችሁም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። ፍታችሁ እወቁት፣ የተሰበረውን አስቀምጡት፣ ለምን እንደተሰበረ ጻፉበት። መንገድ ላይ ለምትወጣው ሞተር ግን መብራቷንና ስፖኪዮዋን መልሱላት፣ ሄልሜት አድርጉ። ፍጥነት ካማራችሁ ደግሞ የመወዳደሪያ ሜዳ ይሰጠን ብላችሁ ተደራጅታችሁ ጠይቁ፤ እኛም በዚህ ገጽ ድምፃችሁን እናሰማለን። ወላጆችም ብትሆኑ፣ ልጃችሁ ማታ ጥቁር እጅ ይዞ ሲገባ ከመቆጣታችሁ በፊት ዛሬ ምን ሠራህ ብላችሁ ጠይቁት።

እናንተስ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ እጀ ወርቅ ሰው ታውቃላችሁ? ምን ሠርቶ አስገርሟችኋል? ጻፉልን፤ እናነባለን። ሰላም ቆዩን!